የፍሬኑን ቧንቧ ፍቺው

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሀይማኖት፣ ሜልበርን።

ከሁሉ አስቀድሞ ከቢቸና ከተማ የተላለፈውን ከፍተኛ መግለጫ በጥሞና እንድታነቢ ትጠየቂያለሽ። በግራ መንጋጋዬ በኩል ለረጅም ዘመን በታማኝነት ስታገለግል የቆየችው የመጨረሻዋ ጥርሴ ባለፈው ቅዳሜ፣ የቤተሰቡ አባላት በተገኙበት፣ በአንዲት የሽንብራ ቆሎ ምክንያት ከሥራዋ ተሰናብታለች። በሥነ ሥርዓቱ ላይ እናትሽ ማናለሽ ንግግር ያደረገች ሲሆን፣ የንግግሩም ፍሬ ነገር «ቆሎ ይቅርብዎ ብዬ አልነበር?» የሚል ነው። መግለጫው እዚህ ላይ አበቃ።

እንደምን ሰነብተሻል ልጄ? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል ልልሽ ስል፣ እዚያ ደግሞ አሁን ሙቀት ነው ብለሽኛል፤ እንግዲያው ሙቀቱ እንዴት አድርጎሻል? ስትበይጂ እጅሽን ያቃጠለሽ ሻረልሽ ወይ? ወገብሽስ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ሥር መተኛቱን ቻለው? እህል ትበያለሽ ወይስ አሁንም ያንን ቀዝቃዛ ዳቦሽን ቆመሽ ትገምጫለሽ? እኔ ከጥርሴ በቀር ሙሉ ነኝ። እናትሽም ከእኔ ጋር መጣላቷን ስላላቋረጠች ጤነኛ ናት።

የላክሽልኝን ቪዲዮ ከእናትሽ ጋር በአስናቀው ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጠን ደጋግመን አየነው። ያቺ ለውድድር የምታዘጋጂያት አሮጌ ቀይ ዳትሰን አምሮባታል። ምንጣፉን፣ የኋላ መቀመጫውን፣ ሬዲዮውን ሁሉ ነቅለሽ መጣልሽን ስታይ እናትሽ «ሌባ ገባባት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። መኪና ሲቀልል እንደሚፈጥን ባስረዳት «ታዲያ ልጄም ትውረድላት» አለችኝ። ውስጧ የበየድሽውን የብረት አጥር ግን ወድጄዋለሁ። ቅርጫት ውስጥ የገባች ዶሮ ብትመስዪም፣ መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያው አይጫንሽም። ሞላውን ማሳጠርሽና ጎማውን ማስፋትሽም በዚያ ጠመዝማዛ አስፋልት ላይ መንገዱን ቆንጥጣ እንድትይዝ ነው፤ ይገባኛል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መኪና ከድንጋይ ከፍ እንዲል ስታገል ኖሬ፣ አንቺ ዝቅ እንዲል ትታገያለሽ። የእኛ ቤት ሰው መቼ ተስማምቶ ያውቃል!

ከዚያ ካሜራውን ወደ ማርሹ አዞርሽና አንዲት ትንሽ የቧንቧ መክፈቻ አሳየሽን። ከኮፋኖው ሥር አሥር ሊትር ውኃ፤ ከእሱም ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች። ፍሬኑ ሲግል ትከፍቺዋለሽ፣ ውኃው ዲስኩ ላይ ይፈሳል። «የአባባ ቧንቧ ብዬዋለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሁሉንም የምቀድማቸው በዚህ ነው» አልሽ። አስናቀው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

የዚያኑ ዕለት ደውዬ «ደብዳቤዬን ሳታነቢ መኪናዋን እንዳታስነሺ» ያልኩሽ ቀልድ አልነበረም። አንቺ ሳቅሽ። አልፈርድብሽም፤ ስልክ ይዤ ቁም ነገር ተናግሬ አላውቅም። በስልክ ብነግርሽ መሃሉ ላይ አስቄሽ አመልጥ ነበር፤ ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። አስናቀው ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ ይልክልሻል። እንዳያነበው አስምዬዋለሁ፤ እያነበበው ከሆነም ጤና ይስጥልኝ ብዬዋለሁ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ የነገርኩሽን ታውቂዋለሽ። እህል የጫነ መኪናዬን ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሳወርድ፣ ፍሬኑ በጋለ ቁጥር ከበርሜል በተቀጠለች ቧንቧ ውኃ እየለቀቅሁ አበርደው ነበር። አንድ ቀን በቅሎ መሃል መንገድ ገባችብኝ፤ እሷን ላድን ስል ከቋጥኙ ጋር ተላተምኩ፤ የረዳቴ የፋንታ እግርም የዚያን ቀን ተሰበረ። አንቺ ግን የምትጠይቂኝ ስለ በቅሎዋ ነበር። «ዳነች ወይ አባባ?» ትዪኛለሽ። «ድና ሰባት ወልዳለች» እልሻለሁ። በቅሎ እንደማትወልድ እንኳ ሳትጠይቂ አመንሽኝ።

በቅሎ የሚባል ነገር አልነበረም ልጄ። የነበረው ከፊቴ የሚሄድ ሌላ የጭነት መኪና ነው። ደጀን ላይ ምሳ ስንበላ ከሾፌሩ ጋር ተፎካከርን፤ ድልድዩ ላይ ማን ቀድሞ ይደርሳል ተባባልን። በከባድ ማርሽ ሞተሩ እየያዘልኝ መውረድ ሲገባኝ በፍሬን ብቻ ለቀቅሁት። ፋንታ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ጎማውን ያያል። «አካሉ፣ ጭስ ነው! ኧረ አቁም!» ይለኛል። እኔ ማቆም መሸነፍ መሰለኝና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ይሰነጠቃል። ይህን አላውቅም ነበር ብልሽ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። አውቅ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሳይሰነጠቅ ስላለፈልኝ፣ ሁልጊዜ የሚያልፍልኝ መስሎኝ ነው። የአንዱ ጎማ የፍሬን ታምቡር ተሰነጠቀ፣ መኪናው ወደ ፋንታ በኩል ጎተተ፣ የፋንታም እግር በበሩና በቋጥኙ መሃል ተጨፈለቀ። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም።

በቅሎዋን የፈጠርኳት እዚያው፣ ፖሊስ ሳይደርስ ነው። ፋንታን መንገዱ ዳር አስተኝቼ «በቅሎ ገባችብን በልልኝ፣ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» ብዬ ለመንኩት። እያቃሰተ እሺ አለኝ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን እሺታውን ጠብቆ እያነከሰ ኖረ፤ እኔ ደግሞ ታሪኩን እያሳመርኩ ሰው ሳስቅበት ኖርኩ። ከዚያም ዞሬ ያንኑ ቧንቧ ለአንቺ በምክር መልክ ሰጠሁሽ። «ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ አንድ ቀን አላሳፈረኝም» አልኩሽ። ይህን ስልሽ ምን ነክቶኝ እንደነበር አላውቅም። ከባሕር ማዶ ደውለሽ መካኒኳ ልጄ እኔን ምክር ስትጠይቂኝ ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ።

አሁን አጠገብሽ ጓደኛሽ ውበቴ ትቀመጣለች። ወረቀት ይዛ «ግራ፣ ጠባብ፣ ከዚያ ቁልቁለት» እያለች መታጠፊያውን ታነብልሻለች። ፋንታም እንደዚያ ነበር የሚያነብልኝ፣ ያለ ወረቀት። ሾፌር ሌላው ቢቀር የሚጨብጠው መሪ አለው። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ምን አለው?

ስለዚህ ቧንቧውን ፍቺው። የውኃ ዕቃውንም ቱቦውንም አውጥተሽ ጣዪው። በምትኩ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ቀዳዳ አውጪና በሰፊ ቱቦ ንፋስ ወደ ዲስኮቹ ውሰጂ፤ ንፋስ ብረቱን ሳያስደነግጥ ያበርደዋል። ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት አስገቢ። ቁልቁለቱን በማርሽ ውረጂ። ከእኔ የሰማሽው ሌላም ነገር ካለ፣ መኪናዋን ለሚመረምሩት ባለሙያዎች አሳዪና እነሱ ይፍረዱ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል ብለሽኛል። ካልደረሰልሽ ዘንድሮ ይለፍሽ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሰኞ ዕለት ሞጣ ሄጄ ነበር። የተጎዳው እሱ ነውና ፋንታን ሳላስፈቅድ ምስጢሩን ማውጣት ከበደኝ። በልጁ ሱቅ በረንዳ ላይ ከዘራውን ተደግፎ አገኘሁት። አስናቀው ቪዲዮሽን ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ነበርና አሳየሁት፤ የመጣሁበትን ሁሉ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሽማግሌ፣ በቅሎዋን ዛሬ ገደልካት?» አለኝ። አንገቴን አቅፎ ሳመኝና «ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ፤ አንድ ጣሳ ማርም አስይዞ ሸኘኝ።

ውበቴን ሰላም በያት፤ ይህንንም ደብዳቤ አንብቢላት፣ ከአንቺ ይልቅ እሷን ይመለከታል። ጋራዡን ለፈቀደልሽ ለአለቃሽም ከቢቸና አንድ ጡረተኛ ሾፌር እጅ ይነሳል በዪልኝ። እናትሽ ሁለት ጉንጭሽን እያገላበጠች ትስምሻለች። እሷም እስካሁን የምታውቀው በቅሎዋን ብቻ ነው፤ ዛሬ እራት ላይ እነግራታለሁ። ጎረቤታችን እማሆይ ፀሐይነሽ በጸሎታቸው ያስቡሻል፤ ፈተና ላይ ናት ብለናቸዋል እንጂ ስለ መኪና እሽቅድምድሙ ትንፍሽ አላልንም።

እዚህ ላይ ፈርሜ ላጥፈው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሞጣ መሄዴ እውነት ነው። የፋንታ ሳቅ፣ መሳሙ፣ ማሩና ይቅርታው ግን ከራሴ የጨመርኳቸው ናቸው። ቪዲዮሽን እስከ መጨረሻው አየና ስልኩን መለሰልኝ። «ልጅቷ ፈታችው?» አለኝ። «ገና ነው፤ ልጽፍላት ነው» አልኩት። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

አያትሽ አካለ ወልድ
ቢቸና፣ ኅዳር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.