እማ ለብረት ያለቀሰችው ለቅሶ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ባምላክ፤ ባለህበት በጀርመን አገር።

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ወገቤን ያመኛል ብለኸኝ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሉሊት ደህና ናት? ሕፃኑስ ቆሞ መሄድ ጀመረ? እኔ፣ ባለቤቴ አያልነህ፣ ልጄ መባ፣ ከብቱም ሳይቀር፣ የቁሐሩ ሚካኤል ጠብቆን ደህና ነን። ሩዙም ዘንድሮ ጥሩ ያዘ፤ አጭደን፣ ወቅተን፣ ጎተራ አግብተናል። እንዲህ ስል ሁላችንም ደህና የሆንን ይመስላል። አይደለንም፤ አንድ ሰው ጎድሎናል።

እናታችን እማዋይሽ ሞታለች። ኅዳር ስምንት ቀን ቀበርናት። አርባዋም ወጥቷል።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ወዳጅ ደጁን ሞልቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳ። አጎታችን አያ ገብረማርያም «ልጁ አገሩ እስኪገባ ድረስ ይደበቅ፤ ሲመጣ ወረታ ወርደን ተቀብለን እናረዳዋለን» ብለው ቤተሰቡን ሁሉ አስምለው ነበር። እኔም ምያለሁ። ለገና ደውለህ «እማን አገናኚኝ» ስትል «ጣራ ገዳም ጠበል ወርዳለች» ያልሁህ ለዚህ ነው። አንተም ምን አልኸኝ? «ጠበሉ ይሁን፣ ግን የምርምሩን ውጤት ጠብቁ።» ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። አያልነህ ያበድሁ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። መሐላዬን ያፈረስሁት ያን ቀን ነው። በስልክም ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን ታለቅስና እኔ ሳባብልህ እውላለሁ። ላባብልህ አልፈለግሁም። ደጋፊ በሌለበት፣ ለብቻህ ቁመህ እንድታነበው ፈለግሁ።

አሁን አሟሟቷን ስማ።

ባለፈው ሰኔ ከአንድ የሕክምና ምርምር ተቋም ሰዎች መጥተው ሚካኤል ሜዳ ላይ ድንኳን ተከሉ። ካላዛር የሚባለውን በሽታ እናጠናለን አሉና የቀበሌውን ሰው በተራ በተራ ደም ቀዱት። እማ ያኔ ትኩሳቱ ጀምሯት ነበር፤ ሆዷም በግራ በኩል ቋጥሯል። አንዱ ወጣት ሐኪም ጣፊያዋን ዳብሶ ጓደኛውን ቀና ብሎ አየውና ጻፈ። ደሟን በብልቃጥ አድርገው 214 የሚል ቁጥር ለጠፉበት። «መድኃኒቱስ?» ብላቸው «እኛ ተመራማሪዎች ነን፣ አናክምም፤ ውጤቱን እንልካለን» አሉኝ። እኔ በማግስቱ ወረታ ጤና ጣቢያ ልወስዳት በቅሎ ለምኜ ነበር። ከመሄዴ በፊት አንተን ልጠይቅ ብዬ ደወልሁልህ። ይኸ ነው ስሕተቴ።

«ጤና ጣቢያ ያለው ወባ ነው ብሎ ክኒን ይሰጣታል» አልኸኝ። «እነዚህ ልዩ ተቋም ናቸው፤ ከሐኪም ቤት በላይ ናቸው። እኔ ራሴ የምሠራው ተቋም ውስጥ አይደለም እንዴ? አሠራራቸውን አውቃለሁ፤ ጠብቁ» አልኸኝ። በቅሎዋን መለስሁ።

ጠበቅን። በሐምሌ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው፣ መንገዱም ተዘጋ። እማ እግሯ እንደ እንጨት ቀጠነ፣ ሆዷ ግን ገፋ። ጎረቤቶቻችን «እማዋይሽ በስድሳ ዓመቷ አረገዘች» እያሉ ቀለዱባት፤ እሷም አብራ ሳቀች። በመስከረም ውኃው ሲጎድል ደግሜ ደወልሁልህ፤ ደግመህ ጠብቁ አልኸኝ። በጥቅምት አፍንጫዋ ይደማ ጀመር። ኅዳር ስምንት ማለዳ፣ እኛ ለአጨዳ ስንነሣ፣ ነጠላዋን በደም አርሳ አገኘኋት። ትንፋሽዋ ገና አልቆመም ነበር፤ ፀሐይ ሳይሞቅ ቆመ።

ከቀበርናት በዐሥራ አንደኛው ቀን የተቋሙ ሰው በሞተር ብስክሌት መጣ። ወረቀቱ «214፣ በሽታው ተገኝቶባታል፣ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ትሂድ» ይላል። ሰውየው «ባለጉዳይዋ ራሷ ፈርማ ትቀበል» አለኝ። ይዤው ሚካኤል ሄድሁና መቃብሯን አሳየሁት። ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ግን «እንግዲያው ምትክ ፈራሚ ያስፈልገኛል» አለ። ፈረምሁለት።

ጥፋቱ ያንተ ብቻ ነው አልልም። በሰኔ አውራ ጣቷን ቀለም ነክሬ የፈቃድ ወረቀታቸው ላይ የተጫንሁት እኔ ነኝ። እማ ግን አንተን ባነሣች ቁጥር «የተማረ ይግደለኝ» ትል እንደነበር ታስታውሳለህ? ደረሰላት።

ከሞቷ ይልቅ ቀብሯ አቃጠለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር እሷ ሙሾ ያላወረደችለት ሬሳ የለም። ባለጸጋውንም ድሃውንም በየአባቱ ስም እየጠራች ድንጋዩን ታስለቅስ ነበር። በሷ ቀን ግን አንድ አልቃሽ ጠፋ። እማ ሙያውን ያስተማረቻት አይናለም እንኳ መጣችና ዳር ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እግሯ ላይ ወድቄ ብለምናት «እማዋይሽ የራሷን ለቅሶ በቁሟ ጨርሳዋለች። በተለቀሰለት ሰው ላይ ለቅሶ ከተደገመ የሚቀጥለውን ሬሳ ይጠራል፤ እኔ ልጆች አሉኝ» አለችኝ። ሌሎቹም እንዲሁ። ከቄሶቹ ዜማ በቀር ድምፅ ሳይሰማ አፈር ገባች።

ይህን ያመጣብን ማን እንደሆነ ታውቃለህ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት፣ ለዚያ ለቋንቋና ለባህል ምርምር ተቋምህ ሙሾ ልቅረጽ ብለህ መጣህ። እማ «የሞተ ሳይኖር አይለቀስም፤ ሟርት ነው» አለችህ። ሦስት ቀን ለመንሃት። የሌላ ሰው ስም ጥሪ ስትላት «የሰው ልጅ በቁሙ አልቀብርም» ብላ እምቢ አለች። በመጨረሻ ላንተ ስትል «እንግዲያው የራሴን አለቅሳለሁ፤ አንተ ግን ውጣ፤ ልጅ የእናቱን ሙሾ እሷ በሕይወት ሳለች አይሰማም» ብላ አስማለችህና ወጣህ። መቅረጫውን፣ እሷ ብረት የምትለውን፣ ፊቷ አስቀምጠህላት ሄድህ። እኔ ገበያ ነበርሁ። ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ገቡ። «ማን ሞተ?» ሲሏት «እኔ» አለቻቸው። ሴቶቹ አማትበው ወጡ፤ አንተ ግን ደስ ብሎህ ብረትህን ይዘህ ተመለስህ። በዓመቱም በዚያው ሥራ ጀርመን ገባህ።

ስለዚህ ከአርባዋ በፊት ለመንገድ አንድ ቀን ተኩል አጥፍቼ ያንተ ተቋም ድረስ ሄድሁ። በአርባዋ ድምፅዋን ለሕዝቡ አሰማለሁ፤ ያለቀሰላት ከጠፋ ራሷ ታልቅስ ብዬ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «መረጃ አቀባይ 14፣ ሴት፣ ዕድሜ በግምት ስድሳ» አለችኝ። «እማዋይሽ ነው ስሟ» ብላት «ስም አንጠቅስም፣ ለክብራቸው ነው» አለችኝ። እዚያ 214፣ እዚህ 14። ቅጂውን ለመስጠት ያንተ ፈቃድና ፊርማ ግድ ነው አለች፤ አዝናልኝ ግን እዚያው ተቀምጬ አንድ ጊዜ ብቻ እንድሰማው ፈቀደችልኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረገችልኝ።

አርባ ደቂቃ ነው፣ አያ ባምላክ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፤

ያገሬውን ሬሳ ስሸኝ ኖሬ ኖሬ፣
ለራሴ አልቃሽ ባጣ ለብረት ነገርሁ ዛሬ።

ከዚያ አንተን ትጠራለች። ሰባት ጊዜ ስምህን ጠርታዋለች። ምን ብላ እንደጠራችህ ግን አልነግርህም። በሕይወት ሳለች አልሰማም ብለህ ምለህላታል፤ አሁን መሐላው ፈርሷል። አገርህ ስትገባ ሄደህ እንደ እኔ ማዳመጫ አድርገህ ስማው።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ ፖስታ ውስጥ የፈቃድ ቅጹ አለ፤ ፈርመህ መልስልኝ። በሙት ዓመቷ ግቢያችን ውስጥ ድምፅዋን ከፍተን የቀበሌው ሰው በወጉ እንዲያለቅስላት ነው፤ ሳይለቀስላት እንዳትቀር። ቅጹ ላይ «ቅጂው የሚፈለግበት ዓላማ» የሚል ቦታ አለ። «ለምርምር» ብለህ ሙላው። «እናቴን ላስለቅስ» ብትል አይፈቅዱም፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

አያ ገብረማርያም ሰላም ይሉሃል፤ ይህን መጻፌን አያውቁም፣ ሲያውቁ ይረግሙኝ ይሆናል። አያልነህ እጅ ነሥቶሃል። መባ ጉልበትህን ይስማል። አይናለም «በይልኝ» ያለችኝ የለም፤ አንገቷን ደፍታ ነው ያለችው። ለሉሊት የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ። ላማችን ቡሬ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደሷ ነጭና ጥቁር ናት። እማ ቡሬንም በለቅሶዋ ጠርታታለች፤ «ማን ያልብሽ ይሆን» ብላ አዝናላታለች። አባታችንን ጠርታለች፣ ሚካኤልን ጠርታለች፣ አጥር ጥግ ያለውን ግራር እንኳ ጠርታለች። እኔ አርባውን ደቂቃ ሙሉ ተራዬን ስጠብቅ ነበር። አምስት ወር ያጠብኋት፣ ደሟን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ስታነሣ «አለቀ ወይ?» አልኋት። «አልቋል» አለችኝ። ስሜ የለም።

እህትህ፣ ትሁን

ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.