የጀልባው ሞተር ሽሮ ሜዳ ላይ

ማክሰኞ

አስነሳሁት። ምን አስቸኮለኝ? ባለሱቁ ጋሽ ሙደሲር «እስቲ ድምፁን እንስማው» ስላሉ ብቻ ገመዱን ሳብኩት። ሞተር ብስክሌት ስጠግን ኖሬ እጄ ለምዶ ነው። ሞተር ብስክሌትን ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ የጀልባ ሞተር ግን እግሩ ውሃ ውስጥ ካልገባ ይቃጠላል። ቶሎ አጠፋሁት። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።

ሞተሩ የታናሽ ወንድሜ የታደለ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድበታል። ባለፈው ሳምንት ጉማሬዎች መሃል ቀጥ ብሎበት ቀዝፎ ነው ያመለጠው። ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ ላከልኝ፣ ቅዳሜ እንድመልስለት። እዚህ ሐይቅ የለ፤ የቧንቧ ውሃ እንኳን የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው።

ማቆሚያ ስላጣሁ የአባቴ የሽመና ዕቃ ምሰሶ ላይ አስሬዋለሁ። አባቴ ቢያይ ይስቅ ነበር ወይ ያባርረኝ ነበር።

ረቡዕ

ፈታሁት። ካንዴላው ጠቁሯል። ካርቡራተሩ ውስጥ ጭቃ። ሐይቅ ላይ ያቆመው ይሄ ነው፤ በቤንዚን አጠብኩት። የካምቢዮ ዘይቱ ወተት መስሎ ወጣ፣ ውሃ ገብቶበታል። ዘይቱንም ማሸጊያውንም ቀየርኩ።

እስከዚህ ደህና። ውሃ የሚስበው የጎማ ማራገቢያ ግን ጫፍ ጫፉ ተለብልቧል። እሱ የእኔ ሥራ ነው። በራሴ ተናደድኩ።

መርካቶ ስዞር ዋልኩ። የጀልባ ዕቃ ስላቸው ይስቃሉ። በመጨረሻ አንዱ ከአሮጌ ፓምፕ የወጣ ተመሳሳይ ጎማ ሰጠኝ። ትንሽ ይወፍራል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አስገባሁት። ይይዛል? እንጃ።

ሐሙስ

ውሃ አልመጣም። ቧንቧውን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ነፋስ ብቻ ይተፋል። ሥራ ቦታ ሄጄ የሰው ፍሬን ሁለቴ ፈታሁ።

ታደለ ደወለ። ጾም ሊገባ ስለሆነ ዓሣ ፈላጊው በዝቷል፤ ሞተሩ ቢደርስም ባይደርስም እሁድ ሐይቅ እገባለሁ ይላል። ስለ ጎማው አልነገርኩትም። ፈራሁ።

ዓርብ

አሁንም ውሃ የለም። ቤት ያለው ሚስቴ አስቴር ለልብስና ለገላ ያጠራቀመችው አንድ በርሜል ነው። ልጠይቃት አፍሬ ስዞር ራሷ መጣችና ክዳኑን አነሳችው።

«ወንድምህ ከሚሰምጥ እኛ ሳንታጠብ እንሰንብት» አለች።

ዘይትና ቤንዚን ቀላቀልኩ። የሞተሩን እግር በርሜል ውስጥ ነከርኩ። ሳብኩት። ግቢው በጭስ ተሞላ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። በጎን ባለችው ቀዳዳ ውሃ መትፋት ነበረበት። አልተፋም። ላጠፋው እጄን ስሰድ ቀጭን ውሃ ፊቴ ላይ ረጨኝ። ጮቤ ረገጥኩ። የአስቴር ውሃ ግን ዘይት ሆነ፤ ለምንም አይሆንም።

ቅዳሜ

በጠዋት መናኸሪያ ወስጄ ጫንኩት። ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፍኩ፦ ውሃ መትፋቱን ሳታይ አትነሳ። መሃል ሐይቅ አታጥፋው።

ከዚያ ደውዬ ጎማውን እንዳቃጠልኩት፣ የተካሁትም የሌላ ዕቃ እንደሆነ ነገርኩት።

«አሁን ይሠራል?»

«በርሜል ውስጥ ሠርቷል» አልኩት።

እሁድ

ቅዳሴ ላይ ልቤ አልነበረም። ቤት ገብቼም ቁጭ አላልኩም፤ አስቴር «እባክህ ራሴን አታዙርብኝ» አለች።

ደወለ። በሞተሩ ጩኸት የሚለው አይሰማም። አልሰማህም አልኩት። ድንገት ጸጥ አለ።

«አሁንስ? እንድትሰማኝ ብዬ አጠፋሁት።»

የት እንዳለ ጠየቅኩት። መሃል ላይ። ስለያዘው ዓሣ ማውራት ጀመረ።

«ታደለ፣ መጀመሪያ አስነሳው።»

ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠው። ገመዱ ሲሳብ ሰማሁ። ምንም። ደግሞ ሳበ። ምንም። አስቴር አጠገቤ መጥታ ቆመች። በሦስተኛው ተነሳ።

ስልኩን መልሶ አላነሳውም፤ ረስቶታል መሰለኝ። እኔም አልዘጋሁትም። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ሁለታችንም ሞተሩን ስንሰማ ቆየን።