እግርህን ያልያዝኩ ዕለት

ይሁኔ ዓለሜ፣

«እንዴት ሰነበትክ» ልልህ ብዬ ብዕር ሳነሳ ራሴው ሳቅኩ። ሦስት ዓመት አፈር ለብሶ የተኛን ሰው እንዴት ሰነበትክ ይሉታል? አንተ ብትሆን «እንደምታይኝ ነው፣ ተኝቻለሁ» ብለህ ትቀልድብኝ ነበር። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ዕድር አልቀርም ማለቴ ነው። ሌላውን አትጠይቀኝ። ካንተ ወዲህ ሦስተኛው መስቀል አለፈ። ይህን የምጽፍልህ ከአባትህ ቤት ከተመለስን በአምስተኛው ቀን፣ ከስፌት መኪናዬ ላይ የሰው ቀሚስ ገፋ አድርጌ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በጓሮ የተከልከው ዘይቱን አፈራ፤ ግን ወፍ ነው የሚበላው። እኛማ ሁለት ሰው ምን ያህል እንበላለን? ጎረቤታችን ቤቱን ወደ ላይ ቀጠለውና ያ ቾቄን እያየህ ሻይ የምትጠጣበት መስኮት አሁን የሚያሳየው ብሎኬት ብቻ ነው። ብትኖር ስንት ቀን እንደምትነታረከው ይታየኛል። እኔማ ተራራውን የሚያይ ሰው ከሌለ መስኮቱ ቢታገድ ምን ቸገረኝ? ውሻችንም ሞተ። ሬዲዮህን ጠዋት ከፍቼ ማታ እዘጋዋለሁ፤ ምን እንደሚል አላዳምጠውም፣ የወንድ ድምፅ ከቤት እንዳይጠፋ ብዬ ነው። አልጋው ላይ ዛሬም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው፤ ያንተን በኩል መንካት አልቻልኩም። ይሁኔ፣ ቢቸና ሰው ሞልቶባት እኔ ብቻዬን ነኝ። በቃ፣ አልኩልህ።

ማስተዋል ልጅህ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቁመትህን ወስዳለች። ያንን ቡናማ ጃኬትህን እጅጌውን ጠቅልላ ትምህርት ቤት ትለብሰዋለች፤ ላጥብብልሽ ብላት እምቢ አለች። የልብስ ሰፊ ልጅ በሰፊ ጃኬት ስትሄድ ሰው ምን ይለኛል አትልም። ጂኦግራፊ ላይ አንደኛ ናት፤ የመምህር ልጅ መሆኗ እዚያ ላይ ታወቀባት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዙሪያ ጥምጥም መሄዴን አውቀህብኛል።

የተጋባን ዓመት ከሞጣ ወዲያ፣ አባትህ አገር ወስደህ ንብ ገደልን ልታሳየኝ የተነሳህበትን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ የሜዳ ልጅ፣ ጤፍ ማሳ ሲያልቅ ሌላ ጤፍ ማሳ የሚጀምርበት አገር ያደግኩ፣ መሬት ድንገት ቁርጥ ብላ ስትቀር ያየሁት ያን ቀን ነው። ያየሁት ማለቴ እንኳ ውሸት ነው። ከአፋፉ አሥር እርምጃ ሲቀረን አብረውን የመጡት አባትህ፣ አባባ፣ አስቆሙን። ጫማ አስወለቁን። የአገራቸውን ደንብ ነገሩን፤ ገደል በሆድ እንጂ በእግር አይጎበኝም አሉ። የሚያየው ሰው በሆዱ ተኝቶ እየተሳበ እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ ከኋላው ተቀምጦ፣ ተረከዙን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ብቻውን የሚሄድ የለም። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ።

አንተ ተኛህ፣ እኔ ያዝኩህ። ተራው ሲደርሰኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩና «ሌላ ጊዜ» አልኩህ። ያ ሌላ ጊዜ ሳይመጣ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። በየመስቀሉ አንተ ታያለህ፣ እኔ እይዛለሁ፤ ማስተዋል ልጅ ናትና ከአያቷ ቤት ትቀራለች። ከተኛህበት ሆነህ ደመናው ከሥርህ እንዴት እንደተኛ፣ ጭላዳዎቹ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠሉ፣ ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ እንዴት እንደሚታይ ትነግረኛለህ። ከሁሉ የሚያስደንቅህ ጆፌ አሞራው ነበር። ሰው ሁሉ አሞራን ከሆዱ በኩል ነው የሚያውቀው፣ እኛ ግን ከላይ ሆነን ጀርባውን እናያለን ትለኝ ነበር። ጀርባው ወርቅ ነው ብለህም ምለህልኛል። እኔ ግን የማውቀው የአንተን ተረከዝ ነው። ቀኙ ላይ ሁለት ንቃቃት፣ ግራው ላይ አንድ። ንብ ገደል ምን ይመስላል ብለው ቢጠይቁኝ ተረከዝ ይመስላል ነበር የምለው።

እንግዲህ ያ ጠዋት። ለማንም ያልተናገርኩትን ለአንተ ምን ብዬ እጀምረዋለሁ? አንተማ ታውቀዋለህ፤ ከእኔ መጨረሻ የሰማኸው ቃል እሱ ነው።

የመስቀል ማግስት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ፀሐይ ወጣ ሲል አንተን አላስቀምጥ አለህ፤ ከዝናብ በኋላ ደመናው ሲሰነጠቅ የሚታየውን ዛሬ ካላየሁ አልክ። እኔ መሬቱ ረጥቧል አልኩህ። አባባም ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ይምጡ አልኩህ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ያናደደኝ መሬቱ ብቻ አልነበረም። እንግዳ በላይ በላዩ እየመጣ፣ እኔ ከምድጃው ሥር ጭስ ሲበላኝ፣ አንተ ገደል ልታይ ትለኛለህ! ያዥልኝ ብለህ ስትለማመጠኝ፣ «ሂድ! ዛሬ እግርህን ማን እንደሚይዝልህ አያለሁ» አልኩህ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆምክ። እየጠበቅኸኝ እንደሆነ አውቄ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼህ ወጥ አማሰልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል አገሩ። እንዴት ያለ እውነት ነው።

ጫማህን ያገኙት አባባ ናቸው። ከአፋፉ አሥር እርምጃ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ካልሲው ውስጡ ተጠቅልሎ። በእርጥቡ ሣር ላይ በሆድህ የተሳብክበት መስመር እስከ ጫፉ ይታይ ነበር። ጫፉ ላይ አፈሩ እንደተገመጠ ዳቦ ጎድሏል። ደንቡን አንድ ሳታጎድል ጠብቀሃል፣ ዓለሜ። ጫማ አውልቀሃል፣ በሆድህ ተኝተሃል። የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የአገሩ ወንዶች በቆላው በኩል ዞረው እስኪያወጡህ ድረስ ሁለት ቀን ፈጀ። ለቅሶ ላይ አንዷ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ብላ ስታለቅስ ንድድ አልኩ። ምን አገናኘው? የእኔ ባል ሳሩን መች አየው? እሱ ያየውም የወደደውም ገደሉን ነው! አባባ ደግሞ አጽናኑኝ መስሏቸው፣ ይዘሽው ቢሆን አፈሩ ሁለታችሁንም ይዟችሁ ይሄድ ነበር፣ እግዜር ለልጅሽ አተረፈሽ አሉኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ለምን እንዳልያዝኩህ አያውቁም። ድካም ነው፣ ሥራ ነው ብለው ያስባሉ። እኔም ዝም አልኳቸው። ሦስት ዓመት ሰው ሲያጽናናኝ የሰረቅኩትን የምበላ ነበር የሚመስለኝ።

ዘንድሮ ማስተዋል መጣችብኝ። የክፍሏ ልጆች ከመስቀል በኋላ ንብ ገደል ሊሄዱ ነው። ዛሬ ቦታው ስሙ ወጥቷል፤ ከሞጣ በባጃጅ፣ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወጣቱ ይጎርፋል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል። በስልኳ አሳየችኝ። አንዲት ልጅ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ፣ ከጫፉ ላይ በጫማዋ ቆማ፣ ነፋሱ ፀጉሯን እየበተነው ትስቃለች። እግዚኦ!  ግን ከኋላዋ የሚታየው ሰማይ፣ ያ ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ የተደራረበው ተራራ፣ ልዋሽህ አልችልም፣ ያምር ነበር። በዚህ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

አትሄጂም አልኳት። ጮህኩባት። እሷ አልጮኸችም፤ ያንተን ጠባይ ያዘችና ረጋ ብላ፣ አባቷ የሞተበትን ቦታ አገር ሁሉ አይቶት እሷ ብቻ እንዳላየችው ነገረችኝ። ካልወሰድኳት ከልጆቹ ጋር እንደምትሄድም ነገረችኝ። ጃኬትህን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። አንተ የቆምክበት ዓይነት አቋቋም ነው። ያው ክፉ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ «ሂጂ፣ አያለሁ» ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዋጥኩት። ተነስቼ እጅጌዋን ያዝኩና፣ እኔ እይዝሻለሁ አልኳት።

ከቢቸና ሞጣ በሚኒባስ፣ ከሞጣ መናኸሪያ እስከ መንገዱ ማለቂያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። አደይ አበባው መንገዱን ዘግቶታል። አባትህ አርጅተዋል፤ ግን አንድ ሥራ ይዘዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ከአፋፉ በፊት ባለው መንገድ ላይ በትራቸውን አጋድመው ይቀመጣሉ። ጫማውን ያላወለቀ፣ ያዥ የሌለው አያልፍም። ወጣቶቹ «አባባ ትራፊክ» ይሏቸዋል። ይስቁባቸዋል፣ ግን ያወልቃሉ። ከአፈሩ ላይም ማንንም አያስተኙም፤ ከጥቁሩ አለት ላይ ብቻ። እኔን ሲያዩ በትራቸውን አነሱልኝ።

ማስተዋል በሆዷ ተሳበች። እኔ ተቀምጬ ተረከዜን አስደገፍኩና ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ይሁኔ፣ ቀኝ ተረከዟ ላይ ንቃቃት ጀምሯታል። እንባዬ መጣ። እሷ ወደዚያ ታያለች፣ ፊቷ አይታየኝም፤ የሚሰማው ንቡና ነፋሱ ብቻ ነው። እንዲያ ሆና ካልነገርኳት መቼም እንደማልነግራት ገባኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ዝናቡን፣ ወጡን፣ ያልኩህን ቃል እንዳለ፣ በሩ ላይ መቆምህን፣ ጀርባዬን መስጠቴን። ለተረከዟ ነው የተናዘዝኩት። እግሯ በእጄ ውስጥ አንዴ ደንገጥ አለ።

ብዙ ቆየች። ስትመለስ ጉንጯ ላይ የአለቱ ሻካራ ታትሞበት ነበር። ምንም አይደል እማዬ አላለችኝም። እንድትለኝም አልፈለግኩም። አይታኝ አይታኝ፣ አሁን ተራሽ ነው፣ ተኚ አለችኝ።

ፈራሁ። ገደሉን እንዳይመስልህ። አሁን አባቷን በምን ቃል እንደሸኘሁት የሰማች ልጅ እግሬን ልትይዝ ነው። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሌላ ጊዜ ያልኩት ይበቃል ብዬ ተኛሁ። አለቱ ፀሐይ በልቶት ሞቋል። ተሳብኩ። የያዘችኝ አያያዝ፣ ይሁኔ! አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ። አምስት ቀን አልፎት እንኳ የጣቶቿ ምልክት ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለ፤ ካልሲ ሳደርግ ያመኛል፣ ደስም ይለኛል።

እና አየሁት። ወንዙ እውነትም ክር ነው፤ ቀጭን የስፌት ክር። ደመናው ከሥሬ ነበር። አንድ ጆፌ ከግድግዳው ተለቅቆ፣ ክንፉን አንዴ ሳያራግብ በሥሬ አለፈ። አንተ ውሸታም! ጀርባው ወርቅ አይደለም። አሮጌ በርኖስ ነው የሚመስለው፣ ትከሻው ላይ የነጣ። ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። ለምን ደጋግመህ ትመጣ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ሁሉ እያየህ እኔን ያዥልኝ ማለትህ፣ አብረሽኝ እይ ማለትህ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሥራ ቆጠርኩት። ይቅር በለኝ፣ ዓለሜ። ከዚህ ወዲያ የምለው የለኝም።

ቤቱ አሁንም ጭር ብሏል፤ አንድ ጉዞ አይሞላውም። ግን ዛሬ ሬዲዮውን አልከፈትኩትም፣ ማስተዋል ስለ አንተ ስታወራ ዋለች። በየመስቀሉ እንሄዳለን ብለናል። ጉልበቴ እስኪያቅተኝ እይዛታለሁ፤ ሲያቅተኝ እንደ አባባ መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ጫማ አስወልቃለሁ፣ ጫማ ላወለቀ ሁሉ ስምህን እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ቀሚሱን ልጨርስ። ከአፋፉ ስንመለስ፣ አሥር እርምጃ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦ ጠበቀን። ሳየው ቆምኩ፤ ማስተዋልም ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የኔን አቀበለችኝ፣ የራሷንም አነሳች። ቁጭ ብለን፣ ሁለታችንም፣ ጫማችንን አደረግን።

ያንተው ትርንጎ