ቁጥር ያልተጻፈበት ጠርሙስ

ሠኞ፣ ግንቦት 4። ሰመራ፣ ቀትር
ዕቃ ቤት ነኝ። በሩን በወንበር ደግፌ ጡቴን አለብኩ። ጠርሙሱ አልሞላም። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንት። ልጄ ሊያ አዋሽ ናት፣ ከአባቷና ከአክስቷ ከፀሐይ ጋር። የእኔ ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱን ሕፃን አይችለውም ተባብለን። ዓርብ ዓርብ ወተቱን በበረዶ ሣጥን እወስድላታለሁ። እስከዚያ ላብራቶሪው ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፣ ከግመል ወተት ናሙናዎቼ ጎን፣ በናሙና ጠርሙስ። ቁጥር የለውም።
ረዳቴ ሐዋ ዛሬ አየችው። «ዶክተር፣ ይቺ ደግሞ የማን ግመል ናት?» የእኔ አልኳት። ገባትና ሳቀች። ወተቷ ቀጥኗል፣ ምን ታበያታለሽ አለች። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቼ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ምሽት
ደወልኩ። ፀሐይ ስልኩን ለሊያ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ትንፋሿን ሰማሁ። ከዚያ ጣለችው መሰለኝ፣ ተቋረጠ። ፓስታ ቀቅዬ ቆሜ በላሁ። ጎረቤቶቼ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ናቸው። በየቀኑ ሌላ ፊት።

ኀሙስ፣ ግንቦት 7
መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጄኔሬተሩ ትንሹን ፍሪጅ ብቻ ይችላል። ሁሉም አይገባም። ናሙናዎቹን አስገባሁ። በጭስ በታጠነ ዕቃና ባልታጠነ ዕቃ የቆየ ወተት፤ ከማርገዜ በፊት የጀመርኩት ሙከራ ነው። እረኞቹ ወደ አሳይታ ወርደዋል፣ ሌላ ናሙና አላገኝም። በሩን ገፍቼ ከዘጋሁ በኋላ ዞር ስል የሊያ አራት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ።
መጀመሪያ ረስቼ ነው። ኋላ ግን አልረሳሁም። ላንተ ለደብተሬ እንኳ አልዋሽም። ፍሪጁን አልከፈትኩም። ከሰዓት ሸተተ። ደፋሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። አዋሽ
ባዶ ሣጥን ይዤ መጣሁ። ፀሐይ ከፍታ አየች፣ ዘጋችው። የዱቄት ወተት ለምዳለች፣ አትጨነቂ አለችኝ። ለክፋት አይደለም።
ሊያ ጡቴን ይዛ ለቀቀች። ፊቴን አየች። እጇን ወደ ፀሐይ ዘረጋች።
ባለቤቴ ተሾመ የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። ቀና ሳይል፣ ወይ ሥራውን ወይ ማጥባቱን አንዱን ተዪ፣ ሁለቱን አልቻልሽም አለ። በቀስታ ነው ያለው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሠኞ፣ ግንቦት 11። ሰመራ
ናሙናዎቹ ደህና ናቸው። በታጠነው ዕቃ ያለው ወተት ካሰብኩት በላይ ቆይቷል። ለሰው መንገር አማረኝ። ተሾመ ጋ ደወልኩ፣ ክፍል ገብቷል።
ቀትር። ዕቃ ቤት አልገባሁም። የሊያን አራት ጠርሙሶች አጠብኩ፣ ቀቀልኩ፣ የግመል ናሙና ቁጥር ጻፍኩባቸው።
ሐዋ ቆማ ታየኛለች። «ግመሏ ነጠፈች እንዴ?»
አዎ አልኳት። አልሳቀችም።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸሚዜ ጡቴ ላይ ረጠበ። ጋዋኔን እስከ አንገቴ ቆልፌ ባክቴሪያ መቁጠሬን ቀጠልኩ።