ኑሪ የወደቀበት ገተማ

ማክሰኞ

ስልኩ ተቋረጠ። ባሌ ኑሪ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቋል። «እግሬ ተሰብሯል፤ ከወንዙ ማዶ፣ ያበበው ገተማ ሥር ነኝ» አለኝና ጠፋ። ደጋግሜ ብደውል አይሠራም።

ገተማ የትኛው ነው? እኔ የጅማ ከተማ፣ የቦሳ ኪቶ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የገተማ ማር እበላለሁ እንጂ ዛፉን አላውቅም። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሰኮሩ ገበያ ወርዷል። የቀሩት ጎረቤታችን አባ ቢያ ብቻ ናቸው፤ የድሮ ማር ቆራጭ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጄን ያዢ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ እዪ» አሉኝ።

ደብተሩን የስፌት መኪናው ላይ ከፍቼ ትቼዋለሁ። ወንዶች፣ ስትመለሱ አንብባችሁ ተከተሉን።

ረቡዕ

ጅማ፣ ሆስፒታል። ኑሪ ተኝቷል። ደብተሩን ከገበያ የተመለሱት ጎረቤቶች አመጡልኝ።

ትናንት ወንዙን እንደተሻገርን ነጭ አበባ የሞላው ዛፍ አይቼ ጮህኩ። አባ ቢያ ቅጠል አስቀጥፈውኝ ዳሰሱት። «ይሄ ብሳና ነው። የገተማ ቅጠል እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ነው። አበባው ረዝሞ ይንጠለጠላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዛፍ ላይ ታዝሎ ያድጋል።»

አበባውን ትቼ የታዘለ ዛፍ ፈለግኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ። ኑሪን ስጣራ ድምፄ ተዘጋ። ድንገት አባ ቢያ ቆሙ፤ «ዝም በይ፣ ንብ ይሰማኛል።» እኔ ምንም አልሰማሁም። ወዳመለከቱኝ ቀና ስል ትልቅ ዛፍ ሌላ ዛፍ ተሸክሟል። ቅጠሉ እንደ ጣት፣ አበባው እንደ ነጠላ ዘርፍ ቁልቁል ወርዷል።

«ገተማ ነው!» አልኩ።

«እኔም አለሁ» አለ ኑሪ ከሥሩ፣ በደከመ ድምፅ።

አልሐምዱሊላህ። ከቡና ማሳ ሁለት ሰዎች ደርሰው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሙልን። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። አላህ ይክፈላቸው።

ሐሙስ

ጀሶ ታሰረለት። ገና ዓይኑን ሲገልጥ ስለቀሩት ቀፎዎች ጠየቀኝ። ተቆጣሁት። ከዚያ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ፤ መቆጣት መቻሌ ራሱ ደስ ብሎኝ።

ቅዳሜ

ቤት ገባን። አባ ቢያ ሊጠይቁት መጡ። «ውለታዎን በምን ልመልስ?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ጫካ የወሰደኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «ይወድቃል ብለው ልጆቼ እቤት አስቀመጡኝ። እኔ ነኝ የማመሰግንሽ።»

እኔ እኮ የያዝኳቸው ፈርቼ ነበር።

ሐኪሙ ያነክስ እንደሆነ ጀሶው ሲፈታ ይታያል ብሏል። ኑሪ አሁን ከአባ ቢያ ጋር በኦሮምኛ ስለ ንብ ይከራከራል። ግማሹ አይገባኝም። ድምፁ ግን ደህና ነው።