ለሐይቅ ዳር ግማሽ ቀን

ጥቅምት 3

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ማለትም ለእኔ፦ በዓመታዊው የቤተሰብ ጉዟችን ሐይቅ ዳር ግማሽ ቀን እንደማይገባው ዛሬ ምሳ ላይ በድጋሚ ተወስኗል። ዘጠነኛ ዓመት፣ ዘጠነኛ ውሳኔ። አንድ ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ። ድምፅ እኩል ሲሆን የሚወስነው ዕቅድ አውጪው ነው። ዕቅድ አውጪዋ እኔ ነኝ።

ምክንያቱ ይመዝገብ። የመዝናኛ ፓርኩ ፓርክ ነው። ሐይቅ ዳር ግን ከበሩ ውጭ ያለ፣ ሱቅና ምግብ ቤት የተደረደረበት ሰፈር ነው። ትኬት አይጠየቅበት፣ ባቡር የለው፣ የሚያስጮህ ነገር የለው። ካልሲና በርገር ለማየት ከኦሃዮ ፍሎሪዳ ድረስ አሥራ አምስት ሰዓት ይነዳል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ማናችንም የምናስታውሰው አንድም ነገር የሌለበት ቦታ ነው። ለምን? ሄደን ስለማናውቅ። ለምን ሄደን አናውቅም? የምናስታውሰው ነገር ስለሌለ። መዝገቡ እዚህ ላይ ይዘጋል።

ማስረጃው ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ የፓርኩ ካርታ። ዊላ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ነገር በደረሰብን ቁጥር ቦታው ላይ ትጽፍበታለች። «ጥርሴ» ይላል ጀልባው ጋ። «አባዬ ወደቀ» ይላል ድልድዩ ላይ። «እማዬ ሳቀች» የሚልም አለ፣ ምን እንዳሳቀኝ ረስቻለሁ። የቀረው አንድ ጥግ ነው። ሐይቅ ዳር። ነጭ።

ሮስ እንደ ወትሮው «አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን ብንበላ ምን እንሆናለን፣ ኔታ?» አለ። ሮስ ባሌ ነው። እስከ ታኅሣሥ ማለቴ ነው።

ሰኔ ላይ ልንለያይ ተስማማን። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ቡሎን ልንገዛ ሄደን። ማንም አልጮኸም... ብንጮህ ይሻል ነበር? ዊላ አታውቅም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከጉዞው በኋላ እንነግራታለን። ሮስ ከመጋቢት ጀምሮ ምድር ቤት ይተኛል፤ ለልጅቷ የተሰጠው ይፋዊ መግለጫ «አባትሽ ያንኮራፋል» የሚል ነው።

ጥቅምት 10

ደረስን። ሆቴሉ ያው ሆቴል ነው፣ ምንጣፉ ያው ምንጣፍ።

አንድ አደጋ ደርሷል። ባለፈው ኅዳር ቦታ ስይዝ ቅጹ «የሚያከብሩት በዓል አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «18ኛ የጋብቻ ዓመት» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ሰኔ መጣ። መሰረዝ ነበረብኝ። የከተማውን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የምጽፍ፣ የሰው ነጠላ ሰረዝ የማርም ሴትዮ... የራሴን ረሳሁ።

እንግዳ ተቀባዩ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ ክብ ክብ ባጅ ሁለት ሰጠን። «እንኳን አደረሳችሁ! 18 ዓመት!» ይላል በወርቃማ ቀለም። ሮስ ኪሱ ሊከተው ሲል ዊላ ቀማችውና ደረቱ ላይ ሰካችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቀጥ በይ፣ እማዬ፤ እንዳልወጋሽ።»

ቀጥ አልኩ።

ጥቅምት 11

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ የባቡሮቹን ተራ አስያዝኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ፣ ከገመዱ ፊት ቆምን። ገመዱ ሲነሳ የተራራው ባቡር ጋ ሦስተኛ ደረስን። ታሪካዊ ነው። ሌላ ዓመት ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ጉራ እነዛ ነበር።

ባጁን አይቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ያለን ሰው፦ ሃያ ሦስት። በር ጠባቂው፣ አይስክሬም ሻጯ፣ የባቡር ቀበቶ የሚያስረው፣ ሰው የተደበቀበት አንድ ድብ። ድቡ አይናገርም፣ አጨበጨበ። አንዱ የባሕር ወንበዴ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ሰልፉን ሁሉ ዝም አሰኝቶ «ምስጢሩን ንገሩን» አለ።

«እሷ ታቅዳለች፣ እኔ እከተላለሁ» አለ ሮስ።

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዊላ ፎቶ አነሳችን።

እውነቱን ነበር እንዴ?

ጥቅምት 12

ዕቅዱ ተበላሸ።

ሮስ የተከራየው ቤት ቀድሞ ተለቀቀ ብለው ደወሉለት። እቃውን 16 ማስገባት አለበት። እኛ የምንመለሰው 15 ነው። ስለዚህ ዊላ ጠዋት ተነስታ ልታይ የምትችለው ካርቶን ነው። በካርቶን ትስማ? አይሆንም። እዚሁ መንገር አለብን። ግን የት?

ልጅቷ ገንዳ ውስጥ ስትዋኝ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተደበቅን። ካርታውን ይዤ መጥቼ ነበር፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው። ማድረቂያው ላይ ዘረጋነው። የማን ካልሲ እንደሆነ እንጃ ውስጡ ይሽከረከራል።

«ጀልባው ጋ» አልኩ።

«ጥርሷ የወለቀበት ነው» አለ ሮስ።

«ድልድዩ?»

«እኔ የወደቅሁበት። እስካሁን ትስቅበታለች።»

ካሩሰሉ፣ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ በመጀመሪያው ዓመት አልወርድም ብላ አምስት ጊዜ የዞረችበት። የሚያስፈራው የመናፍስት ቤት በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ እቅፌ ላይ ተኝታ ሮስ ባርኔጣውን ይዞ ጥላ የሆነላት። የቁመት መለኪያው፣ ለግማሽ ጣት አጥራ ያለቀሰችበት፣ በዓመቱ አልፋው የጨፈረችበት። አንድ በአንድ በጣታችን ስናልፍ... ሁሉም ተይዟል። እዚህ ብንነግራት ከእንግዲህ ጥርሷን ስታስብ እኛን ታስባለች። ስንት ዓመት ስንሞላው ኖረን፣ ክፉ ወሬ ማስቀመጫ የሚሆን ባዶ ቦታ አጣን።

ሮስ ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ። ነጩ ላይ። ዘጠኝ ዓመት የለመነውን እንደገና ለመለመን ያፈረ ይመስል።

«እሺ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ድንች ጥብስ እየበላን በክብር አስታወቅሁ። ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ለሐይቅ ዳር ግማሽ ቀን ተፈቅዷል። ዊላ ማኘክ አቆመች።

«ማን አቀረበው?»

«እኔ።»

«አንቺ? ራስሽ?»

«ራሴ።»

አየችኝ። ድንቿን ወደ አባቷ ገፋችው። ራሴን አመመኝ ብላ ክፍሏ ገባች። እኔ ደግሞ ደስ ይላታል ብዬ...

ጥቅምት 13

ዊላ ሰልፍ ላይ እጄን ያዘችኝ። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ሰው እያያት። ቦርሳዬን ተሸከመች። «ውሃ ጠጪ፣ እማዬ።» «ጥላ ስር ተቀመጪ፣ እማዬ፤ እኔ እሰለፍልሻለሁ።» ልጄ አደገች አልኩ። ኮራሁ። ሮስን ጎሸም አድርጌ እያት አልኩት።

እንኳን አደረሳችሁ፦ አሥራ ዘጠኝ።

ጥቅምት 14

ሐይቅ ዳር ሐይቅ አለው። ዳክዬም አለው። ጥላ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ውሃው ላይ ይንጠለጠላል፣ ማንም አይሮጥም፣ ማንም ሰዓት አያይም። ዘጠኝ ዓመት ይህ እዚህ ነበረ። አስተናጋጇ ቬርና ትባላለች፣ እናቴ የምትሆን ሴት። ምግቡን አስቀምጣ ባጃችንን አየችና «አሥራ ስምንት? የእኔ ሦስቱም ትዳሮች ተደምረው አልሞሉም» ብላ ሄደች። የተጠበሰ ሽሪምፕ፣ የበቆሎ ዳቦ። ማንም አልነካውም።

ሮስ ጀመረ። «ዊላ፣ እኔና እናትሽ...» ሹካውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። በመኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለማምዶት ነበር፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ዊላ ወደ እሱ አልነበረም የምታየው። ወደ እኔ ነው።

«ስንት ወር ቀራት?» አለች።

«ለማን?» አለ ሮስ።

«ለእማዬ። ሐኪሙ ስንት ወር አለ?»

አልገባንም። ሁለታችንም እንደ ጅል ተያየን። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ አፈሰሰችው። ሐይቅ ዳርን ራሴ ማቅረቤን። ዘጠኝ ዓመት እምቢ ያለች ሴት ባንድ ቀን እሺ ካለች ልትሞት ነው ማለት እንደሆነ። ሁለት ቀን አልቅሳለች፣ ገንዳ ውስጥ፣ እንዳይታወቅባት። ሰልፍ ላይ እጄን የያዘችው ለዚያ ኖሯል... እኔ ደግሞ ኮርቼ።

«አልሞትም፣ ልጄ» አልኩ። «ልንፋታ ነው።»

«ፍቺ ብቻ?» አለች።

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። መቼ ወደ ለቅሶ እንደተቀየረ አላየሁም፣ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። ሮስ ወንበሩን ወደ እሷ ጎተተ። እኔም በዚያኛው በኩል። ዳክዬዎቹ ዳቦ መስሏቸው መጡ።

ብዙ ቆይታ፣ በአባቷ መሐረብ ውስጥ፣ «አታንኮራፋም አይደል?» አለች።

«አላንኮራፋም።»

«አውቃለሁ። የማሞቂያው ቧንቧ በእኔ ክፍል ነው የሚያልፈው። ሬዲዮ ስትሰማ ነው የምታድረው።»

ይህን ጊዜ ቬርና መጣች። ብቻዋን አይደለም። አራት አስተናጋጅ አስከትላ፣ ሻማ የተሰካበት ኬክ ይዛ፣ እየዘመሩ፣ እያጨበጨቡ። «18» ይላል በክሬም። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ተነሱ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀልን። የሦስታችንም ፊት እንባ ነው፣ ቬርና ግን የደስታ መስሏት የራሷንም ዓይን በፎጣ ጠረገች። ምን ይባላል? ሮስ «እናመሰግናለን» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ሄዱ። ሻማው ክሬሙ ላይ ይቀልጣል።

«ማን ያጥፋው?» አልኩ።

«ዕቅድ አውጪዋ» አለች ዊላ።

ሞከርኩ። ትንፋሽ አልነበረኝም። ሮስ ጎንበስ ብሎ አገዘኝ።

በላነው። ሙሉውን፣ በሦስት ሹካ፣ ሳንቆርስ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የተያዘ ባቡር ነበረን፣ ስልኬ ጮኸ፣ ዝም አሰኘሁት። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ያለፈ ባቡር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ዊላ ለዳክዬዎቹ የበቆሎ ዳቦ ስትወረውር ሮስ «ጥሩ ቦታ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«ጥሩ ቦታ ነው።» ከዚያ መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ጠየቅሁ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሺ ብዬህ ብንመጣ ኖሮ...»

ውሃውን አየ።

«ተይው፣ ኔታ» አለ።

ባጁን ስንወጣ ራሴ ነቀልኩለት። እንዳልወጋው ተጠንቅቄ።

ጥቅምት 15

ጆርጂያ። ዝናብ። ማንም ሬዲዮ አልከፈተም።

ጥቅምት 16

ካርቶን። ዊላ መጻሕፍቱን እንደ ቁመታቸው ደረደረችለት፣ ከእኔ የወረሰችው በሽታ ነው። ሮስ ሬዲዮውን በእጁ ይዞ ወጣ፣ ካርቶን ውስጥ አልከተተውም። በሩ ላይ ተቃቀፍን? የተቃቀፍን ይመስለኛል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ምድር ቤቱም።

ጥቅምት 29

ለሁለት ሰው ፓስታ መቀቀል አልችልም። በሦስት ሰው እጅ ነው የምለካው። ትርፉን ማን ይብላው?

ኅዳር 9

ዊላ ቅዳሜና እሁድን አባቷ ጋ ናት። የሚመጣው ዓመት ቦታ መያዣ ዛሬ ተከፈተ። ልማድ ሆኖብኝ ቅጹን ከፈትኩ። «የሚያከብሩት በዓል አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍት ተውኩት። ስንት ሰው እንደሆንን ሲጠይቀኝ ደግሞ ዘጋሁት።

ወተት ላወጣ ማቀዝቀዣው ጋ ሄድኩ። ካርታው ቦታው ተመልሷል። ከጉዞው ቦርሳ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ጥጉ ነጭ አይደለም። በዊላ የእጅ ጽሑፍ፣ እንደ ድሮው ሳይሆን ደቀቅ ባለ፣ በቀጥታ መስመር፦ «ኬኩን በላነው»። ከስሩ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ አንድ ትንሽ ዳክዬ ያመለክታል።

ማቀዝቀዣው እስኪጮህ ድረስ በሩን ከፍቼ ቆምኩ።

እርማት። በጥቅምት 3 ማስታወሻ ላይ ሐይቅ ዳር «ማናችንም የምናስታውሰው አንድም ነገር የሌለበት ቦታ» ተብሎ የሰፈረው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል። ግማሽ ቀን አይገባውም የተባለውም አብሮ ተሰርዟል። እርማቱ ከጥቅምት 14፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የጸና ነው። ለዘገየው እሺታ ጽሕፈት ቤቱ ሮስን ይቅርታ ይጠይቃል።