ፌሬትን ያለ ጓንት ያስያዙት ወይዘሮ ሂልዳ ብራምሊ

ወይዘሮ ሂልዳ ብራምሊ ከአባታቸው ከአቶ ዊልፍሬድ ሞስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሪስ ፒል፣ በዮርክሻየር ስካርተን በምትባለው የከሰል ማዕድን መንደራችን እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1938 ተወለዱ። በዚያ ዕለት አባታቸው ጥንቸል አደን ወጥተው ነበር። ሁለት ጥንቸል በትከሻቸው፣ ጥንቸሎቹን ከጉድጓድ ያስወጣችውን ፌሬት የምትባል ቀጭን ትንሽ ለማዳ አውሬ ደግሞ በኮት ኪሳቸው ይዘው ሲገቡ ሴት ልጅ ጠበቀቻቸው። ሕፃኗን ለማቀፍ ፌሬቷን ለአዋላጇ ሊያስይዙ ሞክረው እንደነበር እናታችን (እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ) እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩት ኖረዋል።

ወይዘሮ ሂልዳ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ ዝም በማለት ደካማ መሆናቸውን መምህራቸው በጽሑፍ አረጋግጠዋል። በ1953 በመንደሩ ሥጋ ቤት ተቀጠሩ፤ የሕይወታቸው አቅጣጫም እዚያ ተወሰነ።

በዚያን ዘመን በስካርተን ለፌሬት የሚሰጠው በወተት የራሰ ዳቦ ብቻ ነበር። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሕግ ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። ከአሥር ግልገሎች ሰባቱ ተቅማጥ ይዟቸው ሲያልቁም «ዕድላቸው ነው» ይባላል። ሂልዳ ከሥጋ ቤቱ የዶሮ አንገትና ጉበት ይዘው ሲመጡ አባታችን ተቆጡ።

«ሥጋ የለመደ ፌሬት ጣት ይቆርጣል!»

«አባባ፣ አንተ በየእሁዱ ሥጋ ትበላለህ። እስካሁን የማንን ጣት ቆረጥክ?»

በ1954 አሥር ግልገሎች ጡት ሲጥሉ አምስቱን ለአባታቸው ትተው አምስቱን እሳቸው ወሰዱ። ሥጋ አበሏቸው፤ በየቀኑም በባዶ እጃቸው እያነሡ ከሰው ጋር አላመዷቸው። በመከር ከአባታችን አምስት ሁለት ብቻ ቀሩ። ከሁለቱ አንዱ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሆነውን የስምንት ዓመት ወንድማቸውን ክሊፎርድን ጣቱን ነክሶታል፤ ጠባሳው ዛሬም ስላለ ማየት ለሚፈልግ ይታያል። የሂልዳ አምስቱ ግን ሁሉም አድገው በሽርጣቸው ኪስ ይተኙ ነበር። አባታችን አምስቱን አንድ በአንድ አንሥተው አዩና፣ «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ዳቦውን እኛው እንብላው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ሂልዳ በ1960 የማዕድን ሠራተኛውንና እርግብ አርቢውን አቶ ኧርኒ ብራምሊን አግብተው በ1963 ልጃቸውን ግዌንን ወልደዋል። አቶ ኧርኒ ሚስታቸውን እንጂ የፌሬቶቹን ሽታ አልወደዱትም። ወይዘሮ ሂልዳም ስሙ እንኳ ጥሩ ይሽተት ብለው እናቶቹን ሁሉ በአበባ ስም መጥራት ጀመሩ።

ትልቁ ፈተናቸው የመጣው በ1969 ነው። በዚያ መከር ወደ መንደሩ የገባው፣ ወደ ፌሬትም የሚጋባው የውሻ ወረርሽኝ የስካርተንን ፌሬቶች ጨረሰ። ለወይዘሮ ሂልዳ የቀረችላቸው ፕሪምሮዝ በሚባል አበባ ስም የጠሯት አንዲት እናት ብቻ ነበረች። በሚቀጥለው ሜይ ፕሪምሮዝ ከሌላ መንደር ከመጣ ወንድ ገና ዓይናቸው ያልተገለጠ ሰባት ግልገሎች ወለደች። በተወለዱ በሁለት ሳምንታቸው ወተቷ እየደረቀ ሲሄድ ወይዘሮ ሂልዳ ብርቱ ጉንፋን ያዛቸው። የሰው ጉንፋን ደግሞ ወደ ፌሬት ይጋባል፤ ለግልገል ገዳይ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልፋታቸው በአንድ ማስነጠስ ሊጠፋ ሆነ። ወይዘሮ ሂልዳ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ጊዜ ነው።

ለአሥር ቀን ወደ ፌሬቶቹ ቤት አልተጠጉም። አቶ ኧርኒ በሌላ ክፍል እየተኙ፣ አፍና አፍንጫቸውን በመሐረብ አስረው፣ በደቃቁ የተፈጨ ሥጋ በፍየል ወተት አለስልሰው በጣታቸው ጫፍ ግልገሎቹን አበሉ። ትእዛዙ ከተዘጋው የማድ ቤት መስኮት በስተጀርባ በጩኸት ይመጣ ነበር።

«ኧርኒ፣ እጅህን ታጥበሃል?»

«ሁለት ጊዜ!»

«ሦስተኛ ታጠብ። እርግብ እርግብ ትሸታለህ፤ እናቲቱ ባዕድ ሽታ ከሸተታት ትበላቸዋለች!»

«እኔንስ የሚበላኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ፣ አንዱ ከሞተ!»

ሰባቱም ዳኑ። አቶ ኧርኒም ከዚያ ወዲያ ስለ ሽታ አንሥተው አያውቁም።

በዚያው ዓመት ኦገስት ወይዘሮ ሂልዳ ከሰባቱ አንዷን ይዘው የአውራጃው የእንስሳት ውድድር ላይ ቀረቡ። ዳኛው እስከ ክርናቸው የሚደርስ የቆዳ ጓንት አጥልቀው መጡ። ወይዘሮ ሂልዳ፣ «ጌታዬ፣ ወይ ጓንትዎን ያውልቁ፣ ወይ ከጠረጴዛዬ ይራቁ» አሏቸው። ዳኛው እያመነቱ አወለቁ። ግልገሏ ጣታቸውን አሸተተች፣ ላሰች፣ እጅጌያቸው ውስጥ ገብታ ተኛች። ዋንጫው የወይዘሮ ሂልዳ ሆነ። በዕድሜያቸው ሃያ ሦስት ዋንጫ አግኝተው፣ ሃያ ሦስቱም የፌሬቶች ውኃ መጠጫ ሆነዋል።

በ1985 ማዕድኑ ሲዘጋ አቶ ኧርኒ ሙሉ ጊዜያቸውን ለግልገሎቹ ሰጡ። አቶ ኧርኒ በ2009 እስካረፉ ድረስም ባልና ሚስቱ ፌሬትን ከአዳኝ ኪስ አውጥተው የሕፃናት ጓደኛ አድርገዋል። ፌሬት ሊወስድ የመጣ ሰው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ካልታየ ባዶ እጁን ይሸኛል፤ ግልገሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው እንጂ አንዱ ለብቻው አይሰጥም።

ወይዘሮ ሂልዳ ባለፈው ሜይ 6 ቀን 2019 በጉንፋን በጀመረ የሳንባ ሕመም ተኙ። ከስምንት ቀን በፊት የያኔዋ ፕሪምሮዝ ዘር የሆነችውና ስሟንም የወረሰችው ፌሬት ዘጠኝ ግልገሎች ወልዳ ነበር። ወይዘሮ ሂልዳ ወዲያው ሥራ አከፋፈሉ፦ ግዌን ከእሳቸው ጋር ቤት ውስጥ፣ ወንድማቸው ከግልገሎቹ ጋር ውጭ። እኔም ሃያ አራት ቀን የእኅቴን ደጃፍ ሳልረግጥ ሰነበትኩ። መጨረሻቸው መቃረቡን ግዌን በነገረችኝ ጊዜ ልግባ ብዬ ለመንኩ። በመስኮቱ መስታወት በኩል ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ ከንፈራቸውን ሳነብ «ታጥበሃል?» ነበር ያሉኝ። እጃቸውን መያዝ ሲገባኝ ግልገል ይዤ ቆምኩ። እሳቸውም መዳፋቸውን በመስታወቱ ላይ፣ ግልገሉ ባለበት በኩል አደረጉ።

ሜይ 30 ቀን፣ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ዘጠኙም ግልገሎች በሕይወት እያሉ ዐረፉ። አንደኛው በዚያው ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ እሱንም አይተውታል።

ከልጃቸው ከግዌን፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ከአንድ ወንድማቸው ተለይተዋል። ደካማውን ሁሉ በባዶ እጅ ያቀፈች ነፍስ ናትና፣ ፈጣሪ እንዲሁ አድርጎ ይቀበላት።

ከቀብር መልስ ሻይና የሥጋ ፓይ በቤታቸው ተዘጋጅቷል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይምጣ፣ ይብላ፣ ያልቅስ፤ ወደ ግልገሎቹ ግን አይጠጋ። ትእዛዙ የእሳቸው ነው።